የክት እንግሊዝኛ እና የአዘቦት እንግሊዝኛ

ጥያቄ

ለቋንቋ ዓምድ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የምኖር የዓምዱ ተከታታይ ነኝ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ወላጆቻቸውን ካጡት የሐረርጌ ልጆች አንዱ ስሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች ከሚቆጠሩ እኩዮቼ ጋር ወደ ኩባ ተልኬ፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ግማሽ ቀን እየተማርሁ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካን እርሻ እየሠራሁ አድጌአለሁ። ስለዚህ ከአማርኛ ቀጥሎ እንደ ልቤ የምናገረው ቋንቋ ስፓኒሽ ነው፤ ዛሬም ብር ስቆጥር ሳላስበው በስፓኒሽ እቆጥራለሁ።

እንግሊዝኛን የተማርሁት ዘግይቼ፣ በሥራ ምክንያት ነው። የምሠራበት የግል ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ከጅቡቲ ወደብ የሚገባ ጭነት ስለሚያስተናግድ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በየቀኑ በስልክና በዋትስአፕ እንገናኛለን። ሪፖርትም ሆነ ዲክላራሲዮን ቢሆን ስፓኒሹ ስለሚያግዘኝ ከባድ ከባዱ ቃል አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ቀላሉ ነው። ድሬዳዋ ተመድቦ አብሮን የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ፣ ስለ አንድ ኮንቴይነር ስጠይቀው «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ» ብሎኝ ከቢሮዬ ወጣ፤ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ቢሮ ሳልዘጋ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁት። ይኸው ሰው ሌላ ጊዜ «ከአንተ ጋር ስነጋገር የጠበቃ ደብዳቤ የማነብ ይመስለኛል» አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ፤ ነገር ግን ቃሉ ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገሮችን ከነትርጉማቸው የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የስፓኒሹን አቻ እየጻፍሁ ማጥናት ጀመርሁ። ከወር በፊት የዚህ ባልደረባዬ አባት ማረፋቸውን ሰማሁ። አዝኜለት ወደ ጠረጴዛው ሄጄ፣ እጁን ይዤ፣ አባቱ «ኪክድ ዘ ባኬት» መባሉን እንደሰማሁ ነገርሁት። እጁን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣና ወደ መስኮቱ ዞረ። መጽሐፉ «ሞተ ማለት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ምንም አይልም።

ይህን የአፍ እንግሊዝኛ እንዴት ልማረው? እስከ አሁን እንዳደረግሁት በስፓኒሽ በኩል መሄዴስ ትክክል ነው? በዚህ ዕድሜዬ ልጀምረው የሚገባ ነገር መሆኑንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የከዚራው አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣ ከመጨረሻው፣ የባልደረባዎን እጅ ይዘው ከቆሙበት ቦታ ልጀምር። «ኪክ ዘ ባኬት» ቃል በቃል ባልዲ በእግር መምታት ሲሆን፣ ትርጉሙም መጽሐፍዎ እንዳለው መሞት ነው። መጽሐፉ ያልነገረዎት አነጋገሩ የጨዋታ መሆኑን ነው። እንግሊዞች ስለማያውቁት ሰው ወይም ስለ ተረት ገጸ ባሕርይ፣ አንዳንዴም ሥራ ስላቆመ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሲያወሩ ይጠቀሙበታል እንጂ በሐዘንተኛ ፊት አይሉትም። «አባትህ አረፉ ሲባል ሰማሁ» ማለት ሲገባ «አባትህ ድፍት አሉ ሲባል ሰማሁ» እንደማለት ያለ ነው። ይህን የምለው እርስዎ ለቋንቋ ጆሮ የለዎትም ለማለት አይደለም፤ በስፓኒሽ ቢሆን ኖሮ «ኤስቲራር ላ ፓታ»፣ ማለትም እግሩን ዘረጋ የሚለውን አነጋገር ለሐዘንተኛ እንደማይሉት እርግጠኛ ነኝ። የስፓኒሹን የተማሩት ከሰው ጋር ኖረው ስለሆነ ማን ለማን፣ የት፣ በምን ዓይነት ፊት እንደሚለው አብረው ተምረዋል፤ የእንግሊዝኛውን ግን ያገኙት ከዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ፊት የለውም።

ከባልደረባዎ ጋር ያለው ነገር አልረፈደም። ቀርበው «አይ ዩዝድ ዘ ሮንግ ወርድስ። አይም ቬሪ ሶሪ አባውት ዩር ፋዘር» ይበሉት፤ የተሳሳተ ቃል ተጠቅሜ ነበር፣ ስለ አባትህ በጣም አዝኛለሁ ማለት ነው። ወደፊት ለሌላ ሰው ሐዘን የሚሆነው የተለመደ አነጋገር «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ሲሆን፣ መሞትን በለሰለሰ ቃል ለመግለጽም «ፓስድ አወይ» ይባላል። ሐዘን ቤት የሚገባ ሰው አዲስ ነገር እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ እኛም ብንሆን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንቀመጣለን እንጂ ቃል አንመርጥም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ባልደረባዎ «የጠበቃ ደብዳቤ» ያለበት ምክንያት እርስዎ እንደ ረዳት የቆጠሩት ስፓኒሽ ራሱ ነው። እንግሊዝኛ የክት እና የአዘቦት ልብስ ለየብቻ እንዳለው ሰው፣ ለአንድ ነገር ሁለት ሁለት ቃል ያለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ፣ የቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ሆኖ ቆየ፤ ገበሬው፣ ባለ እጁና የቤት እመቤቷ ግን በጥንቱ እንግሊዝኛቸው መነጋገራቸውን አልተዉም። በ1362 በፍርድ ቤት ሙግት በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ የሚያዝ ሕግ ሲወጣ እንኳ የሕጉ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ወደ ችሎቱና ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመለስ በመካከሉ የገቡትን የፈረንሳይኛና የላቲን ቃላት ተሸክሞ ስለተመለሰ፣ የላቲኖቹ ቃላት የክት፣ የገበሬው አጫጭር ቃላት ደግሞ የአዘቦት ሆነው እስከ ዛሬ አሉ። ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ስለሆነ ለእርስዎ ቅርብ ሆነው የሚገኙት የክቶቹ ናቸው። አማርኛን ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ብቻ የተማረ የውጭ ሰው ቀፊራ ገበያ ሄዶ «ኅብስት ስጡኝ» ቢል ስሕተት አልተናገረም፤ ዳቦ ግን የሚያዘው እንዲህ አይደለም።

በምሳሌ ላሳይዎት። እሳት ማጥፋት በስፓኒሽ «ኤክስቲንጊር» ስለሆነ እርስዎ ወዲያው «ኤክስቲንጉዊሽ» የሚለውን ያነሣሉ፤ ትክክል ነው፣ በእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ላይም የሚጻፈው እሱ ነው፤ ሰው በአፉ ሲናገር ግን «ፑት አውት» ይላል። ቀጠሮን ማስተላለፍ በስፓኒሽ «ፖስፖኔር»፣ በክት እንግሊዝኛ «ፖስትፖን»፣ በአዘቦቱ «ፑት ኦፍ» ነው። አንድን አስቸጋሪ ነገር ችሎ መኖር በስፓኒሽ «ቶሌራር»፣ በክቱ «ቶለሬት»፣ በአዘቦቱ «ፑት አፕ ዊዝ» ይባላል። ከሥራዎ ጋር የሚቀርበው ደግሞ ይህ ነው፦ ደንበኛ ጠፋብኝ ስላለው ኮንቴይነር ሲጠይቅዎት፣ በስፓኒሹ «ኢንቬስቲጋር» ተመርተው «አይ ዊል ኢንቬስቲጌት» ካሉት የፖሊስ ምርመራ የሚጀመር ሊመስለው ይችላል፤ «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ካሉት ግን «ቆይ አጣራልሃለሁ» እንደማለት ሆኖ ይሰማዋል። ያ ያስመሸዎት «አይል ጌት ባክ ቱ ዩ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ «መልሱን በኋላ አሳውቅሃለሁ» ማለት ነው እንጂ በእግር መመለስን አያመለክትም።

እዚህ ላይ ስፓኒሽ ሊረዳዎት አይችልም፤ ምክንያቱም አንድን ተራ ግስ ከ«አፕ»፣ ከ«ኦፍ»፣ ከ«አውት» ጋር አጣምሮ ፈጽሞ ሌላ ትርጉም የማውጣት ልማድ በስፓኒሽ እንዲህ የሰፋ አይደለም። በአማርኛ ግን ከዚህ የማይርቅ ነገር አለ፤ አስተውለውት አያውቁም ይሆናል እንጂ ከሕፃንነትዎ ጀምሮ ይጠቀሙበታል። «አለ» መናገርን የሚያመለክት ግስ ነው። ሆኖም «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «እልም አለ»፣ «ድርግም አለ» ስንል የሚናገር ሰው የለም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ «ዝም አለ» ነው፤ ምንም ቃል ያልወጣውን ሰው ተግባር የምንገልጸው በመናገር ግስ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ» ምን ማለት እንደሆነ አውቆ «ዝም»ን በመዝገበ ቃላት ቢፈልግ የትም አይደርስም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አድርጎ መያዝ አለበት። «ብድግ አለ» የነበረው «ብድግ አደረገው» ሲሆን ደግሞ ድርጊቱ ወደ ሌላ እንደሚያልፍም ይማራል። እርስዎም «ፑት ኦፍ»ን «ማስቀመጥ» እና «ከላይ መነሣት» ብለው አይፍቱት፤ እንደ «ዝም አለ» በአንድ ትንፋሽ ይያዙት። ስለዚህ በስፓኒሽ በኩል መሄዴ ትክክል ነው ወይ ላሉት፣ ለእነዚህ ጥምር ግሶች መልሴ አይደለም የሚል ነው። በአማርኛዎ በኩል ይሂዱ፤ መንገዱ ያጥራል።

ጥምር ግሶቹ አንድ ልብ የሚባል ሕግ አላቸው። «እሱን» ወይም «እሷን» የሚተካው ቃል ሲመጣ በብዙዎቹ ውስጥ መካከል ላይ ይገባል፤ «ፑት ኢት ኦፍ» ይባላል እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ ኢንቱ» እና «ፑት አፕ ዊዝ» ግን አይከፈሉም፤ «ሉክ ኢንቱ ኢት» እንዳለ ይቀመጣል። የትኛው እንደሚከፈል በሕግ ከመሸምደድ ይልቅ እያንዳንዱን ከ«ኢት» ጋር አድርጎ ጮክ ብሎ አሥር ጊዜ ማለት ይሻላል፤ ጆሮ ይይዘዋል። አንዱ ጥምር ግስ ብዙ ትርጉም የሚይዝበት ጊዜም አለ። «ፒክ አፕ» ከመሬት ማንሣት ነው፤ ሰውን ወይም ጭነትን በመኪና ሄዶ መውሰድ ነው፤ ስልክ ማንሣት ነው፤ ቋንቋን ሳይማሩ ከሰው መልመድም «ፒክ አፕ» ነው። እርስዎ በደሴቷ ላይ ስፓኒሽን ያገኙት በዚህ በመጨረሻው መንገድ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን መጽሐፍዎ ወደ ዘረዘራቸው ፈሊጦች እንሂድ። እዚህ የስፓኒሹን አቻ መጻፍዎ ትርጉሙን ለማስታወስ ይረዳል። ታይዋን ገበያ ገብተን አንድ ዕቃ ተወድዶብን ስንወጣ «ዋጋው አይቀመስም» እንላለን፤ ኩባዊው «የፊቴን አንድ ዓይን ያስወጣል» ሲል «ኩዌስታ ኡን ኦሆ ዴ ላ ካራ» ይላል፤ እንግሊዙ ደግሞ ከዓይን አልፎ «አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፣ አንድ እጅና አንድ እግር ያስከፍላል ይላል። ቀላል ነገር ለኩባዊው «ፓን ኮሚዶ»፣ የተበላ ዳቦ ሲሆን ለእንግሊዙ «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ»፣ ቁራሽ ኬክ ነው። «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ባቄላ ማፍሰስ ለተባለው ግን ስፓኒሹን ሳይፈልጉ በእጅዎ ያለ አማርኛ አለ፤ ምስጢር የነገሩት ሰው ሁሉን ሲያወጣው «ዘረገፈው» አይደል የምንለው?

ሆኖም ሁለት አነጋገሮች አንድ የአካል ክፍል ስለጠሩ ብቻ አቻ ናቸው ብለው እንዳያምኑ። «ፑል ሰምዋንስ ሌግ»፣ የሰው እግር መጎተት፣ በጨዋታ ማታለል ነው፤ ስፓኒሹ ለዚህ የሚጠቀመው ፀጉርን ነው፣ «ቶማር ኤል ፔሎ» ይላል። «ሜቴር ላ ፓታ»፣ እግርን ማስገባት ደግሞ ሳያስቡ ተናግሮ ወይም አድርጎ ነገር ማበላሸት ሲሆን፣ እንግሊዝኛውም ሲገጥም «ፑት ዩር ፉት ኢን ኢት» ነው። ይህን አንዱን በቃልዎ እንዲይዙት እወድዳለሁ። ይቅርታ ከተባባላችሁና ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ባልደረባዎ ራሱ የባልዲውን ነገር ቢያነሣ «አይ ሪሊ ፑት ማይ ፉት ኢን ኢት» ሊሉት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፈሊጡ በቦታው ይውላል።

መጽሐፉ ውስጥ ስላለው ስለ ዝናቡ አነጋገርም አንድ ነገር ልበል፤ በየመማሪያው ስለማላጣው ነው። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ ድመትና ውሻ ይዘንባል የሚለው፣ ትርጉሙን ሁሉም ቢያውቀውም ዛሬ በተራ ንግግር ብዙም አይሰማም። ዶፍ ሲወርድ የሚባለው «ኢትስ ፖሪንግ» ነው። ቀለም የበዛባቸው ፈሊጦች ለመማር ደስ ስለሚሉ መጻሕፍት ይሞሉባቸዋል፤ በየቀኑ ጆሮ የሚገቡት ግን «ሃንግ ኦን» (ቆይ)፣ «ፌር ኢናፍ» (እሺ፣ ያስኬዳል)፣ «ኖ ወሪስ» (ምንም አይደል) የሚሉት ቀለም የሌላቸው ናቸው። ገንዘብዎንና ጊዜዎን እነሱ ላይ ቢያውሉ እመርጣለሁ።

ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ቃል አለ። «ላስቸግርህ ነው» ለማለት ስፓኒሹ «ሞሌስታር» ይላል። ተመሳሳይ ድምፅ ያለው የእንግሊዝኛ «ሞለስት» ግን በተለይ በሕፃናት ላይ የሚፈጸምን የፆታ ጥቃት የሚያመለክት ከባድ ቃል ነው። «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ» ይበሉ። «አክትዋልሜንቴ»ም «በአሁኑ ጊዜ» ሲሆን፣ «አክቹዋሊ» ግን «እንዲያውም፣ በእውነቱ» ነው፤ ይህ የሚያሳፍር ባይሆንም የጭነት ቀን ሲነጋገሩ ሊያሳስት ይችላል።

የድምፅን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያልገባኝ ፈሊጡ ነው ሲል በእርግጥ ያልገባው የቃሉ መዋጥ ነው። ስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ብቻ ስላሉት እያንዳንዱን አናባቢ ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ድምፁን ጫን ያላለበትን አብዛኛውን አናባቢ ያደበዝዛል። ስፓኒሽ ብቻ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ግድግዳ ነው፤ እርስዎ ግን የግእዙ «ኧ» እና የሳድሱ «እ» አለዎት። ኩባዊ ጓደኛዎ መርከብንና በግን በእንግሊዝኛ መለየት ሲያቅተው፣ እርስዎ «ሽፕ» እና «ሺፕ» ብለው ልዩነቱን በፊደል መጻፍ እንኳ ይችላሉ። «ጎይንግ ቱ» የተባለው ሲዋጥ ከእኛው «ገና» ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም ወደፊት የሚሆንን ነገር ስለሚያመለክት በዚያው ያስታውሱት፤ «አይም ገና ኮል ሂም» ማለት «እደውልለታለሁ» ነው። ይህን ይስሙት፣ ከፈለጉም ይናገሩት፤ በሪፖርት ላይ ግን አይጻፉት።

የአራዳ አነጋገር የሚባለውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ይረዱት እንጂ አይናገሩት። ኩባ ውስጥ «ጉዋጉዋ» አውቶቡስ ነው፤ ቺሊ ውስጥ ግን ጨቅላ ሕፃን ነው። የእኛም «አቦ» ከድሬ ሰው አፍ ስትወጣ ያላት ለዛ ሌላ ቦታ ስትባል አይገኝም። እንግሊዙ «ፓንትስ» ሲል የውስጥ ሱሪ፣ አሜሪካዊው ሲል ሱሪ ነው። የአራዳ ቃል የሰፈርና የዕድሜ ንብረት ስለሆነ፣ የወጣቶቹን እርስዎ ሲለምዱት ወጣቶቹ ትተውት ይቆያሉ። አንድ ቃል ብቻ ይውሰዱ፦ እንግሊዛዊው ባልደረባዎ «ቺርስ» ሲልዎት ብዙ ጊዜ «አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው።

የአክብሮት ነገርም አለ፤ ለድሬ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ድሬ ላይ ልጁ ሽማግሌውን «አንተ» ሲል ሰምቶ ይደነግጣል፤ ቆይቶ ግን አክብሮቱ በ«አንቱ» ውስጥ ሳይሆን በድምፁ፣ በፈገግታውና ተነሥቶ ቦታ በመልቀቁ ውስጥ መሆኑን ያያል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ስፓኒሹ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ብሎ ሲለይ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው፣ አክብሮቱን የሚሸከመው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። «ሰንድ ሚ ዘ ዶክዩመንት» ትእዛዝ ነው፤ «ኩድ ዩ ሰንድ ሚ ዘ ዶክዩመንት?» ልመና ነው፤ «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል። የአዘቦት እንግሊዝኛ ማለት ስድ ንግግር ማለት አለመሆኑን እዚህ ላይ ያዩታል። ቃሉ አጭርና ቀላል ሆኖ ጨዋነቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ስለ አጠናኑ፣ ዝርዝሩን መጽሐፍ መጣል አያስፈልግዎትም፤ ግን ለተማሪ ተብሎ በተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ያመሳክሩት። እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት ከቃሉ ጎን «ኢንፎርማል» (የአዘቦት)፣ «ስላንግ» (የአራዳ)፣ «ኦልድ-ፋሽንድ» (ያረጀ)፣ «ሂውመረስ» (የቀልድ)፣ «ኦፌንሲቭ» (የሚያስቀይም) የሚሉ ምልክቶች ያስቀምጣል፤ ባልዲው ጎን ቢያዩ ኖሮ ከእነዚህ አንዱን ያገኙ ነበር። ከዚያ ደብተርዎን ይለውጡ። የስፓኒሹን አቻ በጻፉበት ቦታ ማን፣ ለማን፣ የት፣ ምን ሲሆን እንዳለው ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ሹፌሩ ዘገየ፤ ባልደረባዬ ሳይቆጣ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ፌር ኢናፍ አለ»። አንድን አነጋገር ከሦስት የተለያዩ ሰዎች አፍ ሳይሰሙ ራስዎ አይናገሩት። የሚልኩልዎትን የዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶችም አያጥፏቸው፤ ከእነሱ የተሻለ መማሪያ የለዎትም፤ ማታ ቤትዎ ሆነው መልሰው እያዳመጡ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር እንደተናገረው አድርገው፣ ከነመዋጡ፣ ይድገሙት። ያልገባዎትንም «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ፤ ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ያን ዕለት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት አይጠብቁም ነበር።

ስለ ዕድሜዎ የጠየቁትን የምመልሰው በታላቅ አክብሮት ነው። ወላጆችዎን ባጡ ማግስት ውቅያኖስ ተሻግረው የማያውቁትን ቋንቋ ከሰው አፍ ለቅመው የራስዎ ያደረጉ ሰው ነዎት። አሁን የሚፈለገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያን ጊዜ ያደረጉትን በሳምንት ለሁለትና ለሦስት አነጋገሮች ብቻ መልሰው ያድርጉት።

ጥያቄ

ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ የሆንሁ ወጣት ነኝ። እንግሊዝኛዬ ከስልክ ቪዲዮ የተለቀመ ስለሆነ የወጣቶቹን አነጋገር በደንብ አውቃለሁ፤ ከስፔን የሚመጡ እንግዶች ግን አይገባቸውም። ባለፈው ጥር አንዲት እንግዳ እያስነጠሳት «አይ አም ኮንስቲፔትድ» ስትለኝ፣ በስልኬ ፈልጌ የሆድ ድርቀት መሆኑን አይቼ ፓፓያ ገዝቼ አመጣሁላት። ግራ ተጋብታ አመስግና በላች፤ ማስነጠሷ ግን አልቆመም። ስሕተቱ የማን ነው?

ከሐረር

መልስ

ወንድማችን፣ ስሕተቱ የቃሉ ነው፤ የአንተ ቅን ልብ ግን የሚመሰገን ነው። በስፔን «ኮንስቲፓዶ» ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ እንግዳዋም የቋንቋዋን ቃል እንግሊዝኛ አልብሳ ነው የነገረችህ። እንዲህ ሲያጋጥምህ ከቃሉ ይልቅ ሰውየውን ተመልከት፤ የሚያስነጥስ ሰው ሆዱን አላለም፤ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ኮልድ?» ብለህ ብትጠይቃት ራሷን ትነቀንቅልህ ነበር።

ለአንተም ለእሷም እንግሊዝኛ የተውሶ ቋንቋ ነው። ከቪዲዮ ያመጣኸውን «ሌትስ ባውንስ» ለስፔናዊት ብትላት መዝለል ይመስላታል፤ «ሌትስ ጎ» በል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ወጣት እንግዳ ግን ሲያመችህ ብትጠቀምበት አልቃወምም።

ከሥራህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምርልህ። በስፓኒሽ «አሲስቲር» በአንድ ዝግጅት ላይ መገኘት ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «አሲስት» ግን መርዳት ነው። ማታ ከግንቡ ውጭ ወደ ጅብ ማብላቱ ስትወስዳቸው አንዷ «አይ ዋንት ቱ አሲስት» ብትልህ፣ ቆማ ማየት ፈልጋ ይሆናል እንጂ ሥጋውን በእንጨት ይዛ ጅቡን ማጉረስ ላይሆን ይችላል። እንጨቱን ከመስጠትህ በፊት «ዱ ዩ ዋንት ቱ ዋች፣ ኦር ዱ ዩ ዋንት ቱ ፊድ ዘም?» ብለህ ጠይቃት።